መዓዛና ዋግ

ነቢዩ ሐጌና ነቢዩ አሞጽ በሕዝበ እስራኤል እርሻ ላይ የወረደውን መቅሠፍት ሲዘረዝሩ ዋግንና አረማሞን ሳይጠሩ አላለፉም። ሐጌ እነዚህን ሁለቱን ከበረዶ ጋር አንድ ላይ መቍጠሩ ለገበሬ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ አንበጣ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፥ በረዶም ሲወርድ ድምፁ ይሰማል፥ ዋግ ግን ጤዛ በበዛበት ሰሞን ኮሽታ ሳያሰማ ገብቶ፥ ሰነበተ ሳይባል የለመለመውን የስንዴ አገዳ የዛገ ብረት ያስመስለዋል። የሰው ልጅ የዚህን ደዌ ምክንያት ሳያውቅ ለብዙ ዘመን መድኃኒቱን ሲፈልግ ኖረ፤ ከፈለገባቸውም ነገሮች አንዱ መዓዛ ነው። ከቅጠል፥ ከአበባ፥ ከልጥና ከዘር የሚወጣው መዓዛማ ዘይት አዝርዕትን ከሚያጠፉት ፈንገሶች ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሲሆን፥ ፍርዴን ከመጀመሪያው ለመናገር ያህል፥ መዓዛ በተዘጋ ቤት ውስጥ ባለሥልጣን፥ ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ግን እንግዳ ነው፤ ታሪኩም በአብዛኛው ይህን እንግዳ በሜዳ ላይ ለማሳደር የተደከመው ድካም ነው። ዘመናቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

መዓዛ ሥልጣኑን አስቀድሞ ያሳየው በመቃብር ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ የግብፅ ባለሙያዎች የሟቹን ሆድ ዕቃ ካወጡ በኋላ በተወቀጠ ንጹሕ ከርቤ፥ በብርጉድና በሌላም ቅመም ሁሉ ይሞሉት እንደ ነበረ ሲናገር፥ ዕጣን ብቻ እንዳይገባ ይከለከል እንደ ነበረ ጨምሮ ጽፎአል። የጌታችንንም ሥጋ ለመገነዝ ኒቆዲሞስ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መምጣቱን በወንጌለ ዮሐንስ እናነባለን። ይህ ሁሉ ለክብር የተደረገ ቢሆንም፥ ክብርና ጥበቃ በጥንት ሰው ልቡና ውስጥ ብዙ የተራራቁ አልነበሩም፤ እንዳይበሰብስ የተፈለገው በመዓዛ ይቀባ ነበርና። ሮማዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ የዝግባ ዘይት የተቀባ መጽሐፍ ነቀዝና ብስባሽ እንደማያገኘው ሲጽፍ፥ ነገሩን ማንም ሰው እንደሚያውቀው አድርጎ በአጭሩ ይናገራል እንጂ እንደ አዲስ ግኝት አያደንቀውም።

በአገራችንም ይኸው ጥበብ ከመቃብርና ከመጻሕፍት ይልቅ በማጀት ውስጥ ይገኛል። የወተት ቅል የምታዘጋጅ ባልቴት ቅሉን አጥባ፥ አድርቃ፥ የወይራ ስንጣሪ በፍም ላይ አያይዛ፥ ነበልባሉ ጠፍቶ ጢሱ ብቻ ሲቀር አፉን በጢሱ ላይ ትደፋዋለች፤ ጢሱ በውስጥ ሲመላለስ ቆይቶ ቅሉ ሲሞቅና ግድግዳው ቡናማ መልክ ሲይዝ፥ ክዳኑን ትገጥምበታለች። የጠላውም ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ለእንግዳ የሚመስለው ለጣዕም ብቻ የተደረገ ነው፤ ጣዕሙም በእርግጥ የሚናቅ አይደለም፥ ያልታጠነ ቅል ወተት የቀመሰ ሰው ይህን ያውቃል። ነገር ግን የዕንጨት ጢስ ፌኖል የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ይዞ ይወጣል፤ እነዚህም በጦስኝና በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ላለው ኃይል የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ባልቴቲቱ ማንጠሪያ ሳይኖራት በአንዲት ጕማጅና በጥቂት ፍም የምታደርገውን፥ የአውሮፓ ሊቃውንት በኋለኛው ዘመን በብርጭቆ ዕቃ ሲያደርጉት እናያለን።

መቃብር፥ የመጽሐፍ ሣጥን፥ ቅልና ጋን ሁሉም ክዳን ያላቸው ነገሮች ናቸው። ሮማውያን ግን መዓዛን ክዳን ወደሌለው እርሻ ለማውጣት ሞክረው ነበር። ሮቢጉስ የሚሉትን የዋግ ጣዖት ለማባበል ሚያዝያ 25 ቀን በዓል ያደርጉለት ነበር፤ ካህናቸውም ከከተማ ወጥቶ ውሻና በግ ሠውቶ፥ ወይንና ዕጣን በእሳት ላይ ያፈስስ እንደ ነበረ ባለ ቅኔው ኦቪድ ይመሰክራል። ከዚህ የአምልኮ ሥርዓት ጎን ለጎን ደግሞ በ79 ዓ.ም. የሞተው ሊቅ ፕሊኒዩስ አንድ የገበሬ ምክር መዝግቦልናል፤ ይኸውም ላውረስ የተባለውን ቅጠሉ የሚሸት ዛፍ ቅርንጫፍ እየቈረጡ በማሳው ውስጥ ቢተክሉ፥ ዋጉ ሰብሉን ትቶ ወደዚያ ቅጠል ይሻገራል የሚል ነው። ዛሬ በዚህ ምክር መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን ከሥሕተቱ ይልቅ ምኞቱ ይታየኛል፤ በቤት ውስጥ ሻጋታን ሲያባርር ያዩትን ሽታ ወደ ሜዳ ይዘውት ወጡ፥ ሜዳውም እንቢ አላቸው።

እንቢ ያለበትን ምክንያት ከሮማውያን በፊት የነበረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ሳያውቀው ጽፎት ነበር። የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር የነበረው ይህ ሰው፥ ነፋስ በሚያገኘው ከፍተኛ ስፍራ የተዘራ እህል ዋግ እንደማያበዛ፥ ነፋስ በማይደርስበት ዝቅተኛ ስፍራ ግን እንደሚበዛበት አስተውሎአል። ነፋስ ጤዛውን ያደርቃልና ዋግን ይጎዳዋል፤ ያው ነፋስ መዓዛውንም ይወስደዋል። ገበሬውን የሚረዳውና መድኃኒቱን የሚሰርቀው አንድ ነፋስ መሆኑ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ እስከ መጨረሻው የሚከተለን ችግር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ዘመናት ለነገራችን ብዙ አልጨመሩለትም፤ ብቻ በዐረብና በፋርስ ሊቃውንት ዘንድ የማንጠር ጥበብ ዳብሮ፥ የጽጌረዳ ውሃና የቅመማ ቅመም ዘይት በብልቃጥ መቀመጥ ጀመረ። የአዝርዕትን ደዌ ምክንያት ለማወቅ ግን እስከ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። በ1755 በፈረንሳይ አገር በትሯ ከተማ የገንዘብ ማተሚያ ቤት አለቃ የነበረው ማትዮ ቲዬ፥ ከሥራው ውጭ እርሻ ሲመራመር ቆይቶ፥ የስንዴን አረማሞ የሚያመጣው ጥቍር ትቢያ መሆኑንና ትቢያውም በዘሩ ላይ ተጣብቆ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። በ1767 ደግሞ ሁለት የኢጣልያ ሊቃውንት፥ ፎንታናና ታርጆኒ ቶዜቲ፥ ተለያይተው በመሥራት ዋግ ራሱን የቻለ ጥቃቅን ፍጥረት መሆኑን በማጉሊያ መነጽር አይተው ሥዕሉን አወጡ። በዚህ ጊዜ ሮቢጉስ ሞተ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ምክንያቱን ማወቅ መድኃኒቱን መያዝ አይደለም። መድኃኒቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው፥ የተገኘውም ከመዓዛ ወገን አልነበረም። በሞንቶባን ከተማ ቤኔዲክት ፕሬቮ የሚባል መምህር የአረማሞን ዘር በልዩ ልዩ ውሃ ውስጥ እያበቀለ ሲመረምር፥ በመዳብ ዕቃ በፈላው ውሃ ውስጥ ያኖረው አልበቅል አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ውሃውን ደፍቶ በሌላ ዕቃ ያፈላ ነበር፤ ፕሬቮ ግን ዕቃውን ጠረጠረ፥ ከመዳቡ ወደ ውሃው የገባው እጅግ ጥቂት ነገር ፍጥረቱን እንደ ገደለ ተረዳ፥ ዘርን በመዳብ ጨው ውሃ መዘፍዘፍ አረማሞን እንደሚከላከልም በ1807 ጻፈ። የፓሪስ ሊቃውንት ቃሉን በጥርጣሬ ተቀበሉት። ሰማኒያ ዓመት ያህል ቆይቶ በሜዶክ አውራጃ ወይን አብቃዮች፥ መንገደኛ ፍሬውን እንዳይቀጥፍባቸው በመንገድ ዳር ባለው ወይን ላይ መዳብና ኖራ ይረጩበት ስለ ነበር፥ ፕሮፌሰር ሚያርዴ በ1882 በዚያ ሲያልፍ ያ የተረጨው ወይን ብቻ ቅጠሉ በሻጋታ ሳይረግፍ መቅረቱን አየ፤ በ1885 የቦርዶ ድብልቅ የተባለውን መድኃኒት ለዓለም አሳወቀ። ሌባን ለመከልከል የተረጨ ነገር የወይንን ቦታ ሁሉ አዳነ።

መዳብ ድል የነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ርካሽ ነው፥ ከቅጠሉ ላይ አይነሣም፥ በነፋስም አይበንም። መዓዛ ግን እነዚህ ሦስቱም የሉትም።

ሆኖም በዚያው ዘመን የመዓዛ ኃይል በሌላ ደጅ ገብቶ ሊመረመር ጀመረ። በበርሊን የቤተ መንግሥት መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ካስፓር ኖይማን በ1719 ከጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚረጋ ነጭ ፍሬ መሰል ነገር አግኝቶ ነበር፤ ይህን ነገር ላልማን የተባለው ፈረንሳዊ በ1853 ቲሞል ብሎ ሰየመው። የፓስተር ረዳት የነበረው ሻርል ሻምበርላን ደግሞ በ1887 የብዙ ዕፀዋትን ዘይት ሰብስቦ፥ አባ ሰንጋን በሚያመጣው ባክቴሪያ ላይ ፈትኖ፥ የቀረፋ ዘይት ከሌሎቹ ይልቅ ብርቱ ከሆኑት መካከል መሆኑን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ቲሞል የሐኪሞች መድኃኒት ሆነ፤ የሆድ ትል ማስወጫም ሆኖ አገለገለ። የሚያስገርመው ግን አብዛኛው ቲሞል የሚወጣው ከአውሮፓ ጦስኝ አልነበረም፤ ከህንድ አገር ወደ ጀርመን ይላክ ከነበረው፥ በኛ ማጀት ነጭ አዝሙድ ተብሎ ከሚታወቀው ዘር ነበረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ይህ ንግድ ሲቋረጥ ቲሞል በገበያ ላይ ብርቅ ሆነ። ሴቶቻችን በበርበሬና በሽሮ ውስጥ ሲጨምሩት የኖሩት ቅመም ለታላላቅ መንግሥታት የጦርነት ጭንቀት መሆኑን ማን ያስብ ነበር?

ይህ ዘይት በፈንገስ ላይ የሚሠራውን ሥራ ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። በጠፍጣፋ የብርጭቆ ሳሕን ውስጥ ለሻጋታ የሚስማማ የረጋ ምግብ ይፈስሳል፥ በመካከሉም ከታመመ ፍሬ የተወሰደ የሻጋታ ቁራጭ ይቀመጣል፤ ከክዳኑ በውስጥ በኩል ደግሞ አንዲት ጠብታ የጦስኝ ዘይት የጠጣች ክብ ወረቀት ትለጠፋለች። ዘይቱና ሻጋታው አይነካኩም። ከጥቂት ቀን በኋላ ዘይት ባልተደረገበት ሳሕን ላይ ሻጋታው እንደ ጥጥ እየተንሰራፋ እስከ ዳር ሲደርስ፥ ዘይት ባለበት ሳሕን ግን መጀመሪያ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ እንፋሎቱ ብቻ ገድቦታል። ነገሩም ምስጢር አይደለም፤ የፈንገስ ሕዋስ በስብ የተሠራ ስስ ሽፋን አለው፥ ዘይቱም ከውሃ ይልቅ ስብን ስለሚወድ ወደ ሽፋኑ ገብቶ ያላላዋል፥ በውስጥ ያለው ጨውና ምግብም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ቲሞልና የቅርንፉዱ ኦይጀኖል በዚህ ሥራ ከሚበረቱት መካከል ናቸው።

ይህን ሳሕን ያየ ሰው ዘይቱን ይዞ ወደ ማሳ ለመሮጥ ቢቸኩል አይፈረድበትም፤ ብዙዎችም ቸኩለዋል። ነገር ግን ሳሕኑ ክዳን አለው። ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ብለው መጠኑን ቢያበዙት ደግሞ የፈንገሱን ሽፋን ያላላው ኃይል የሰብሉንም ቅጠል ያቃጥለዋል፥ የቅጠሉም ሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ ነውና። በዚህም ላይ ከአንድ ኩንታል ደረቅ ጦስኝ የሚገኘው ዘይት ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ጋሻ መሬት ስንዴ የሚበቃውን ለማንጠር ተራራ ሙሉ ጦስኝ ማጨድ ሊያስፈልግ ነው። ሻጋታን በሳሕን ላይ ማቆሙን እየነገረ ይህን የሚዘነጋ ጽሑፍ በየጊዜው ይወጣል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ባነበብሁ ቍጥር የፕሊኒዩስ የላውረስ ቅርንጫፍ ትዝ ይለኛል።

ይህን ችግር በቅንነት ተመልክተው መፍትሔ የፈለጉም አሉ። በአውስትራልያ የቡንጀሉንግ ነገድ ሰዎች ቍስላቸውን ያክሙበት የነበረውን ዛፍ ዘይት፥ የሲድኒው ኬሚስት አርተር ፔንፎልድ በ1920ዎቹ መርምሮ፥ ጀርም በመግደል ካርቦሊክ አሲድን ከ10 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ ተናገረ። ለብዙ ዓመት የሰው ቍስል መድኃኒት ብቻ ሆኖ ከቆየ በኋላ፥ በእስራኤል አገር ያሉ ባለሙያዎች ይህን የሻይ ዛፍ ዘይት ከውሃ ጋር እንዲዋሐድና በቅጠል ላይ እንዲቆይ አድርገው አዘጋጅተው፥ ቲሞሬክስ በሚል ስም ለገበያ አወጡት፤ ዛሬ በሙዝ ቅጠል ላይ የሚወርደውን ጥቍር ሲጋቶካ የተባለ የፈንገስ ደዌ ለመከላከል በላቲን አሜሪካ ይረጫል። የሆላንድ ሰዎች ደግሞ ከሜዳ ጋር መታገሉን ትተው ወደ ጎተራ ተመለሱ፤ ካራዌይ ከሚሉት የከሙን ዘመድ ዘር ካርቮን የሚባለውን ዘይት አውጥተው፥ በመጋዘን ያለ ድንች እንዳይበቅልና እንዳይሻግት በእንፋሎት መልክ ይሰጡት ጀመር። እኔ ከሁሉ ይልቅ ይህ ሥራ ብልህነት ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በእንግሊዝ አገር የዳበረው ዘዴ ነው። የእርሾን ሕዋስ ውስጡን ባዶ አድርገው፥ ቅርፊቱ ብቻ ሲቀር የቅርንፉድን ኦይጀኖል፥ የጦስኝን ቲሞልና በጽጌረዳና በጠጅ ሣር ዘመዶች ውስጥ የሚገኘውን ጄራኒኦል ይሞሉበታል፤ ቅርፊቱ ደርቆ ሳለ ዘይቱን አምቆ ይይዛል፥ በወይን ዘለላ ላይ ተረጭቶ እርጥበት ሲያገኘው ግን ቀስ በቀስ ይለቀዋል። እርጥበት የሚመጣው ደግሞ የወይን ጠላት የሆነው ግራጫው ሻጋታ በሚነቃበት ሰዓት ነው። እርሾ ራሱ የፈንገስ ወገን እንደ መሆኑ፥ የአንዱ ፈንገስ ቅርፊት ሌላውን ፈንገስ ለሚገድለው መዓዛ ማኅደር ሆነ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ሦስት ዘይቶች በ2013 ለሰብል መከላከያነት ፈቅዶአቸዋል። ቴዎፍራስጦስ ያየው ነፋስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚህ ጥቂት ተገታ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ነገሩ የሚጀምረው ከተራራ ነው። በባሌ፥ በመንዝና በጣርማ በር ደጋዎች ላይ በመሬት ተነጥፎ የሚበቅለው ጦስኝ በሳይንስ ስሙ የሺምፐርን ስም ይዞአል፤ ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 በዐድዋ ያረፈ ጀርመናዊ ነው። የዚህ ጦስኝ ዘይት በቲሞልና በወንድሙ በካርቫክሮል የበለጸገ ሆኖ ተገኝቶአል፤ ነገር ግን አንዱ ተራራ ቲሞሉን ሲያበዛ ሌላው ካርቫክሮሉን ያበዛል፥ ስለዚህ ከየት እንደ ታጨደ ሳይታወቅ ስለ ኃይሉ መናገር አይቻልም። የወንዶ ገነት የምርምር ማዕከል መዓዛማ ዕፀዋትን በመትከልና ዘይታቸውን በማንጠር ብዙ ደክሞአል፤ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የጦስኝ፥ የኮሰረትና የነጭ አዝሙድ ዘይት በብርጭቆ ሳሕን ላይ ሻጋታን ሲገታ ታይቶአል።

እንግዲህ ይህን ኃይል የት እናውለው? በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን የስንዴ እርሻ ላይ ያደረሰው ጥፋት ገና አልተረሳም፤ እንደዚያ ያለውን መቅሠፍት በጦስኝ ዘይት እናቆማለን የሚል ሰው ቢመጣ ሕዝብን ማታለል ነው። ለዋግ መድኃኒቱ የሚቋቋም ዘር፥ ነቅቶ መጠበቅና በጊዜው የሚረጭ መድኃኒት ነው። መዓዛ የሚሠለጥነው ክዳን ባለው ስፍራ መሆኑን ታሪኩ ሁሉ መስክሮአል፤ ክዳን ያለው ስፍራ ደግሞ ጎተራው፥ ጉድጓዱና የዘር ከረጢቱ ነው። በዚያም ያለው ጠላት ከዋግ የማያንስ ነው። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ ሲያልቁ፥ ምክንያቱ ከብራዚል በመጣው የኦቾሎኒ መኖ ላይ ያደገ ሻጋታ ያመነጨው መርዝ፥ አፍላቶክሲን፥ መሆኑ ተደርሶበታል፤ ይኸው መርዝ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒም ላይ ተገኝቶአል። ይህን ሻጋታ በጎተራ ውስጥ በመግታት ረገድ የመዓዛ ዘይት የሚሞከርበት በቂ ምክንያት አለ፤ እህሉ አስቀድሞ በደንብ ካልደረቀ ግን ማናቸውም ዘይት አያድነውም።

ስለዚህ የእርሻ ተመራማሪዎቻችን ከሳሕኑ ወጥተው የሐረርጌን የእህል ጉድጓድ፥ የጎጃምንና የሸዋን ጎተራ ይመርምሩ፤ ስንት ዘይት፥ ለስንት ኩንታል፥ ለስንት ወር እንደሚበቃ፥ የእህሉን ጣዕምና የዘሩን መብቀል እንደማይጎዳም አረጋግጠው ለገበሬው ይንገሩት። ጦስኝን ከባሌና ከመንዝ ተራራ ከነሥሩ እየነቀለ ለገበያ የሚያወጣው ወገናችን ደግሞ በማጭድ ይጨደው እንጂ አይንቀለው፤ ከጓሮውም ይትከለው፥ በቅርንጫፉ ይጸድቃልና።